ወይባው ለማን ተቆረጠ?

ጉቶው ገና እርጥብ ነበር። በአውራ ጣቴ ስጫነው ቢጫ እድፍ ጣቴ ላይ ቀረ።

በየካቲት መጀመሪያ ከቡሬ ወደ ዓባይ የሚወርደው ጫካ ቅጠሉን አራግፎ ጨርሷል። ከሩቅ ለሚያየው የተቃጠለ ይመስላል። ውስጡ ገብቶ የሚሠራ ሰው ዛፎቹን የሚለየው በልጣቸውና መሬት ላይ በተበተነው ፍሬያቸው ነው። አራት ክንፍ ያለው ፍሬ የአባሎ ነው፤ ሁለት ክንፍ ያለው የወይባ። የዩኒቨርሲቲው አማካሪዬ «ክረምት እስኪገባ ጠብቂ፤ ቅጠል በሌለበት ዛፍ አይመደብም» ብለውኝ ነበር። እኔ መጠበቅ አልችልም። ስሜ ይታገሱ ነው። አባቴ ወንድ ልጅ ሲጠብቅ እኔ ብመጣበት ለራሱ ማጽናኛ ያወጣው ስም ነው እንጂ ከእኔ ጠባይ ጋር አይተዋወቅም።

ሥራዬ ለመሥራት ቀላል፣ ለማስረዳት ከባድ ነው። ጫካው ውስጥ ሃያ ሜትር በሃያ ሜትር የሆነ መደብ በገመድ እከልላለሁ። በውስጡ ያለውን ዛፍና ቁጥቋጦ ሁሉ እመዘግባለሁ፤ እያንዳንዱ ምን ያህሉን መሬት እንደሸፈነ እገምታለሁ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ መደብ እወርዳለሁ። በመጨረሻ የሚመሳሰሉት መደቦች ተሰብስበው አንድ የዕፅዋት ማኅበረሰብ ይባላሉ፤ ስሙን ከዋና ዋና ዛፎቹ ይወስዳል። የተቆረጠ ዛፍ ካለም ጉቶው ይመዘገባል።

በዚያ ቀን በመደቡ ውስጥ የነበረው ወይባ በሙሉ ጉቶ ሆኖ ጠበቀኝ።

የገመዱን ሌላ ጫፍ የሚይዝልኝ የሽዋስ አልመጣም። «ቡሬ ስብሰባ አለብኝ» ብሎ ነው የቀረው። ገመዱን ግንድ ላይ አስሬ ቀና ስል፣ ከላይ በኩል አስካለ ማርያም የምትባል የመንደሩ ሴት ሸክሟን ስታጠብቅ አየኋት። የተሸከመችው የተፈለጠ ወይባ ነው።

«እትዬ አስካለ፣ ይህን ሁሉ ማን ቆረጠው?»

«ምነው፣ ዘመድሽ ነበር?»

«ሥራዬ ነበር።»

«እንግዲያ ሥራሽን ለሙሽራ አበደርሽ በይ!» ሳቀች። «ሙሽራ ወይባ ሳትሞቅ ከቤት ትወጣለች እንዴ? ጢሱ ገላዋን ካላወዛው ምኑን ሙሽራ ሆነች?»

«የማን ሙሽራ ናት?»

ሳቋ በአፏ ላይ ቀረ። የጭነቱን ጠፍር አንዴ አሰረችው፣ ፈታችው፣ መልሳ አሰረችው።

«አልሰማሽም እንዴ?»

«ምኑን?»

«ቅበላ ሳይገባ ነው አሉ። የደብራችን ዲያቆን...» ሸክሟን ብድግ አደረገች። «ልጄ፣ እኔ እንጨት ነው የምለቅመው። ወሬ አልለቅምም።»

ደብሩ አራት ዲያቆናት አሉት። ሦስቱ ገና ልጆች ናቸው። አራተኛው ትናንት ማታ «ነገ ብቻሽን መሥራት ይከብድሻል፣ አትውረጂ» ያለኝ ሰው ነው። ቁጣ ቢሆን በተሻለኝ። ቁጣን አውቀዋለሁ፣ አብረን ነው ያደግነው። ይህኛው ግን ሌላ ነው፤ ቁልቁለቱ ላይ ቆሜ ቁልቁለቱ የሚወርድ መሰለኝ።

* * *

የሽዋስን ያወቅሁት ሲስቅብኝ ነው።

ጥቅምት ላይ ወደ መንደሩ ስመጣ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ሕዝቡን ከቅዳሴ በኋላ አስቁሞ፣ «ይህች ልጅ ማኅበረሰብ ልትመድብ ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ናት፤ ተባበሯት» ብሎ አስተዋወቀኝ። ሕዝቡ አጉረመረመ። እዚያ አገር የአዊ ልጅና የሌላው ልጅ ተጋብቶ፣ ተዋልዶ፣ በአንድ ታቦት ሥር ነው የሚኖረው። በዚህ ዘመን ደግሞ ሰው ሊመድብ የመጣ ለደግ አይመጣም። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«እኛ በጥምቀት ተመድበን ጨርሰናል። ልጂቱ በመጣችበት ትመለስ።»

«ዛፍ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «ዛፍ ነው የምመድበው!»

«ዛፍ ደግሞ ማኅበር ይጠጣል እንዴ?»

ያኔ ነው ከኋላ ሳቅ የሰማሁት። ነጠላውን መስቀለኛ ያጣፋ ረጅም ወጣት ወደ ፊት መጣ። የወረዳው የደን ባለሙያ ነው፤ እሑድ እሑድ ዲያቆን ነው። «አባቶቼ፣ አባሎ ከማን ጋር እንደሚጎራበት ነው የምትጽፈው። የሰው ጎረቤት አትነካም» አላቸው። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና፣ «እንዲያስ ከሆነ ትጻፍ። አባሎ ጎረቤቱን አያማም» አሉ።

ከበሩ ላይ እናቱ እማማ ወለተ ኢየሱስ ጠበቁኝ። አዊ ናቸው፤ አማርኛቸው ዝግ ያለ ነው። «እኛንስ ከማን ጋር መደብሽን?» አሉኝ። «ከአባሎ ጋር» ብላቸው ትከሻዬን መታ አድርገው ሳቁ። ያን ቀን ወደውኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ገመዱን አብረን ያዝን። እሱ ዛፉን ይጠራል፣ እኔ እጽፋለሁ። አንድ ቀን ከታች በኩል «ወይራ» ብሎ ጠራ።

«እዚህ ቆላ ላይ ምን ወይራ አለ?» አልኩት።

ዞር ብሎ አየ። ወይራ የለም። አንገቱን ደፋ። «ዛፉን አላየሁትም ነበር» አለ። ምንን ሲያይ እንደነበር አልጠየቅሁትም። ማታ መረጃዬን ሳስተካክል ያንን ወይራ ለመሰረዝ ብዙ ቆየሁ።

ስለ እኔ የማያውቀው ነገር የለም፤ ገና በጠዋቱ ነገርኩት፣ ነገር ማቆየት አልወድም። የተወለድኩት ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም አጠገብ ነው። ገና ጡት ሳላወጣ አባቴ ለዲያቆን ዳረኝ። ዲያቆን ቄስ ለመሆን ድንግል ሴት በተክሊል ማግባት አለበት። ድንግል መሆኗን ከሁሉ የሚያረጋግጥላቸው ደግሞ ሕፃን መሆኗ ነው። ሸሽቼ ፍኖተ ሰላም አክስቴ ጋ ገባሁ፣ ተማርኩ፣ ዛሬ ላይ ደረስኩ። ግን ምንም ብማር የቄስ ሚስት መሆን አልችልም። እኔን የሚያገባ ዲያቆን ክህነቱን ይተዋል።

«እተዋለሁ» አለኝ የሽዋስ ያኔ። «በወረዳ ደመወዝ እንራባለን፤ ግን አብረን እንራባለን።»

ኅዳር ላይ አባቱ ቄስ ገብረሰንበት ሞቱ። ለቅዳሴ ሁለት ቄስ ያስፈልጋል። በደብሩ የቀሩት ዓይናቸው የደከመው ቄስ ሰይፈ ብቻ ናቸው። ሌላ ቄስ ተፈለገ፤ ጸጥታው በጠፋበት አገር ቤቱን ጥሎ የሚመጣ አልተገኘም። ቅዳሴው ቆመ። የሽዋስም «እተዋለሁ» ማለቱን አቆመ። እኔ ዝምታውን የሐዘን ነው ብዬ ተረጎምኩት። ለአንድ ጊዜ ልታገስ ብዬ ነበር፤ ለእሱ ብዬ። ጉቶዎቹ መካከል ቆሜ ያንገበገበኝ ይኸው ነው፤ በሕይወቴ ለአንድ ሰው ብቻ መታገሤ።

* * *

ገመዱን እንኳ ሳልጠቀልል ወደ እናቱ ቤት ወጣሁ። እማማ ወለተ ኢየሱስ ጥቁር እንደለበሱ ደጃፍ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ።

«ማን ናት?» አልኳቸው።

«መጀመሪያ ደኅና ዋሉ ይባላል።»

«ደኅና ዋሉ። ማን ናት?»

እንዝርቱን አሽከረከሩት። «የመሪጌታ ባንተአምላክ ልጅ ናት። እህተ ማርያም።»

«ስንተኛ ክፍል ናት?»

ዕድሜዋን እንዳልጠየቅሁ ገብቷቸዋል። «ዘጠነኛ» አሉ። «ትማራለች። አናስቀራትም።»

«ለእኔም እንዲሁ ብለውኝ ነበር። ደብተር ሁሉ ገዝተውልኝ ነበር።»

«ይታገሱ፣ እኔ አንቺን ጠላሁሽ?» እንዝርቱ ቆመ። «ልጄ አንቺን ሲያይ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን አላየሁም? ዓይን የደከማቸው ቄስ ሰይፈ ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም። ግን ባለፈው የጎረቤቴ ሕፃን ታመመ። ቅዳሴ ስለሌለ ክርስትና ሳይነሣ ሞተ። ወደ ሌላ ደብር እንዳይወስዱት መንገዱ ላይ ተኩስ ነበር። ከግቢው ውጭ ቀበርነው፤ ከአጥሩ ወዲያ። እናቱ እስከ ዛሬ አጥሩን ይዛ ነው የምታለቅሰው። ለእሷ ምን ልበላት?»

መልስ የሌለኝ ጊዜ ድምፄ ይጮኻል።

«ስለዚህ እህተ ማርያም ትክፈል?»

«እኔ ስንት ዓመቴ ነበር?» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለጥጡ። «እንጃ። የፊት ጥርሴ ወልቆ ገና አልበቀለልኝም ነበር። ቄስ ገብረሰንበት አዝለው ነው ወንዙን ያሻገሩኝ። እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር አሉ። በኋላ ወደድኋቸው።» ጥጡን ጭብጥ አድርገው ደገሙት። «በኋላ።»

«ለሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት እናገራለሁ።»

«ተናገሪ። ቢሮው ከተቆለፈ ቆየ ይላሉ እንጂ።»

«የሽዋስ እሺ ብሏል?»

«ዝም አለ። ልጅ ለእናቱ ዝም ካለ እሺ ብሏል።»

ልጣላ ነበር የመጣሁት። የሚጣሉትን ሰው አጣሁ። እንዝርቱን መልሰው ሲያሽከረክሩት እጃቸው ክሩን ስቶ በጠሰው፤ ሁለታችንም የተበጠሰውን አየን፣ ማንም አላነሣውም። ስወጣ በዓይነ ሕሊናዬ ወንዝ ዳር በሰው ጀርባ ላይ የተኛች ሕፃን ታየችኝ። እሳቸው ይሁኑ እኔ ልሁን፣ መለየት አልቻልኩም።

* * *

በማግስቱ ጠዋት ከእኔ ቀድሞ መደቡ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ዓይኖቹ ቀልተዋል፣ ጫማው አቧራ ጠጥቷል።

«ስብሰባ አልነበረም» አለ።

«አውቃለሁ። ገመዱን ያዝ።»

«ይታገሱ...»

«ገመዱን ያዝ አልኩህ። ሥራ አለኝ።»

ያዘ። ሃያ ሜትር ተራራቅን። በመካከላችን ጉቶዎቹ።

«አባሎ» ብሎ ጠራ። ጻፍኩ። «ብሳና፣ ትንሽ።» ጻፍኩ።

«መቼ ልትነግረኝ ነበር? ስትሞሸር? ድግሱ ላይ ልትጠራኝ ነበር?»

«ግራር» አለ። «ፍኖተ ሰላም ነው የነበርኩት። ሀገረ ስብከቱ ዘንድ።»

በዚያ መንገድ በዚያ ሳምንት ማንም አልሄደም። ሊገደል ይችል ነበር። ደነገጥኩ፤ ድንጋጤዬን ግን አላሳየሁትም።

«ሠርግህን ልታስባርክ?»

«ስሚኝ።»

«አልሰማህም! አንተ ስማኝ። እሷን አታግባ። እኔን አግባኝ አላልኩህም። እኔን ተወኝ፣ እርሳኝ፣ የፈለግኸውን አድርግ። ግን እሷን አታግባ። ደግ ሰው ነኝ ብለህ ታስባለህ አይደል? የእኔም ደግ ነው ይሉት ነበር። ማታ ማታ እናቴን እየጠራሁ ሳለቅስ በደግነት ነበር ዝም በይ የሚለኝ!»

«አላገባትም።»

«ወይባ ተቆርጧል፣ የሽዋስ! እዚህ ቆመህ እያየኸው!»

«ያ ወይባ ለሙሽራ አይሆንም።»

«ታዲያ ለማን ነው?»

መልሱን ለመሬቱ ነው የነገረው። «ወይባ የሚሞቁ አሉ። ወይባ የሚለብሱም አሉ።»

ብዕሬ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ነበር። የጎጃም የቄስ ልጅ ነገር በቀጥታ አይናገርም፤ ቃሉን ይዘህ ዙር ይላል። በወይባ የተነከረ ቢጫ ልብስ የሚለብሰው ማን ነው? ቄስ የሚሆን ሰው በተክሊል ያገባል። ወይም ጨርሶ አያገባም።

«ቅኔ አትዝረፍብኝ» አልኩ። «በአማርኛ ንገረኝ።»

«እመነኩሳለሁ። መነኩሴ ይቀስሳል። ፈቀዱልኝ። ገዳም ገብቼ፣ መንኩሼ፣ ወደ ደብሬ እመለሳለሁ።»

«አብደሃል።»

«ምናልባት።»

«ተወው! ደብሩ ሌላ ሰው ይፈልግ!»

«ፈለግን፣ ታውቂያለሽ። እኔ አንቺን ይዤ ብሄድ ምን እንደሚሆን አስቢ። አንቺ ፈጣን ነሽ። ደብሩ ቄስ ያስፈልገዋል። ከሦስቱ ልጅ ዲያቆናት ትልቁ ዘንድሮ ጢም አበቀለ። ሙሽሪት ዝግጁ ናት፣ ወይባው ተቆርጧል። በሳምንቱ ለእሱ ይድሯታል። እኔ ስተዋት ለሌላ ሰጠኋት ማለት ነው። ደብሩ ቄስ ካገኘ ግን ለማንም መስጠት አያስፈልጋቸውም።»

ያንን ስሌት ሌሊቱን ሁሉ ሠርቶታል። እኔም እዚያው ቆሜ ሠራሁት፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ። ስህተት ፈለግሁበት። የሰው ስህተት መፈለግ እወዳለሁ፣ ጎበዝ ነኝ። አላገኘሁበትም።

ያኔ ነው በሕይወቴ አድርጌው የማላውቀውን ያደረግሁት።

«ይዘጋ» አልኩት። «ቤተ ክርስቲያኑ ይዘጋ። እንሂድ። ባሕር ዳር፣ የትም። አሁን። ገመዱን እዚሁ ጥለን እንሂድ። የሽዋስ፣ እለምንሃለሁ። እኔ ለምኜ አላውቅም፤ ታውቀኛለህ። እህተ ማርያምን አላውቃትም፣ አይቻት አላውቅም! አንተን ነው የማውቀው። አንተን ነው የምፈልገው!»

የገመዱን ጫፍ ለቀቀና በጉቶዎቹ መካከል መጣ። እጄን ከነብዕሩ ያዘ። እጁ ቀዝቃዛ ነበር።

«ቅድም ምን አልሽኝ?» አለ። «እሷን አታግባ ነው ያልሽኝ።»

«አላሰብኩም ነበር! ቸኩዬ ነው!»

«አይደለም። ስትቸኩዪ ነው እውነት የምትናገሪው። ሳታስቢ ያልሽው እሱ ነው።»

«ሳትጠይቀኝ ወሰንክ።»

«ብጠይቅሽ እንቢ ትዪ ነበር?»

«አዎ።»

«ለዚህ ነው ያልጠየቅሁሽ» አለ፤ አለቀሰም። ድምፅ ሳያሰማ፣ ፊቱን ሳይደብቅ። ጠልቼው ነበር። ትክክል በመሆኑ፣ ትክክል መሆኑን እኔ ራሴ በአፌ ስለሰጠሁት፣ ጠልቼው ነበር። እጄን ግን ከእጁ አላወጣሁም።

በመጨረሻ፣ «መደቡን እንጨርስልሽ» አለኝ።

ተመልሶ ገመዱን ያዘ። የቀሩትን ዛፎች አንድ በአንድ ጠራልኝ፤ እኔም ጻፍኩ። ወይባዎቹ ጋ ሲደርስ መጥራት አልቻለም። በጣቱ እያመለከተ አሳየኝ፤ እኔ በስማቸው ላይ «ጉቶ» ብዬ አለፍኩ። ያን ያህል ቅርብ ሆነን አናውቅም።

* * *

በዓመቱ ሰኔ ላይ ተመለስኩ። አማካሪዬ ትክክል ነበሩ፤ ጫካው ሲለመልም በልጣቸው ብቻ የጻፍኳቸው ብዙ ዛፎች ሌላ ሆነው ተገኙ። ሁለት ማኅበረሰብ ያልኩት አንድ ነበር። አንድ ያልኩት ሦስት። ሥራውን እንደገና መጀመር ነበረብኝ።

እሑድ ዕለት የቅዳሴውን ዜማ ከታች ሰማሁና ወጣሁ። ልገባ አልነበረም። እማማ ወለተ ኢየሱስ ከበሩ ጎን አይተውኝ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። በቁመታቸው ቀንሰዋል። ሲመነኩስ የሙት ጸሎት እንደተነበበለት፣ ልጃቸው በሕይወት ተኝቶ ሳለ እሳቸው የሬሳ ልቅሶ እንዳለቀሱ አስካለ ማርያም ነግራኛለች። ለቅሶው ገና ፊታቸው ላይ ነበር።

«እህተ ማርያም ዐሥረኛ ክፍል ናት» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው። «ቡሬ ነው የምትማረው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

ከዚያ እሱ ከቤተ መቅደሱ ወጣ። ቆብ ደፍቷል፣ ጢሙ አድጓል፣ ከስቷል። ስሙም ተቀይሯል፤ ሰው የሚጠራው በሌላ ስም ነው። ሴቶቹ መስቀል ሊሳለሙ ተሰለፉ። መሄድ እችል ነበር። ሰልፍ እንደማልወድ የሚያውቅ ሁሉ እሄዳለሁ ብሎ ይገምት ነበር። ተሰለፍኩ። ከፊቴ የነበሩት አንድ በአንድ አለቁ።

በመጀመሪያው ቀን ከሳቀብኝ ጀምሮ «አንተ» ስለው የኖርኩት ሰው ነው። ስቆጣው አንተ፣ ስለምነው አንተ። አሁን ፊቱ ቆሜ አፌ ያን ቃል ፈለገ፤ ቦታው ባዶ ነበር።

«ይፍቱኝ፣ አባ» አልኩት።

መስቀሉ በአየር ላይ ቆመ። ከኋላዬ ያለችው ሴት ክርኗን ጀርባዬ ላይ አሳረፈች። እሱ ቀና ብሎ አላየኝም፤ ድምፄን ግን ያውቀዋል። በመስቀሉ ግንባሬን ነካ፣ ከንፈሬን ነካ።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ልጄ» አለ።

የሴቲቱን ተራ ለቀቅሁላትና ቁልቁል ወደ ጫካው ወረድኩ። ዝናቡ ጀምሮ ነበር፤ ሥራዬም ይጠብቀኛል። ግን አልተፈታሁም።